ደርባን ፖይዝን ሜሪላንድ ጓሮ ውስጥ፦ ኦገስት ሊያልቅ ነው፣ ለምን አላበበም?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር ወንድማችን ነው። በጸደይ ወቅት ደርባን ፖይዝን የሚባለውን የካናቢስ ዝርያ ሁለት ዘር ትልልቅ ማሰሮ ውስጥ ዘርቶ ጓሮው አቁሟል። አሁን ከሰው ቁመት በልጠዋል፣ ግን አንድም አበባ የለም። ሌባ እንዳይነካቸው ብሎ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራው የበረንዳ መብራት አጠገብ ነው ያስቀመጣቸው። ይህን ዝርያ የመረጠው ማታ ማታ ኡበር ስለሚነዳ ነው፤ «ሳቲቫ እንደ ጫት ያነቃል፣ አያስተኛም» ብለውታል (ሳቲቫ የሚሉት እንደ ደርባን ያለውን ረጅምና ቅጠለ ቀጭን የካናቢስ ዓይነት ነው)። እሱ ዜጋ ነው፣ ባለቤቱ ግን ግሪን ካርድ ይዛ በሚቀጥለው ዓመት ለዜግነት ልታመለክት ነው። ሐዋሳ ወንድም አለውና «ዘሩን ልላክለት ወይ?» ብሎም ጠይቋል።

ወንድሜ፣ ከመብራቱ ልጀምር። ችግርህ እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ካናቢስ የሚያብበው ስለረዘመ አይደለም፤ ሌሊቱ ሲረዝም ነው። ቅጠሉ ውስጥ ፋይቶክሮም የሚባል ብርሃን የሚለይ ፕሮቲን አለ። ተክሉ በእሱ አማካይነት ያልተቋረጠውን ጨለማ ይለካል። ጨለማው በቂ ርዝመት ሲኖረውና ይኸው ለተከታታይ ቀናት ሲደጋገም ማበብ ይጀምራል። ሌሊት መብራት ካረፈበት ግን ልኬቱ ይፈርሳል፣ ለተክሉ ገና የጁን አጭር ሌሊት ነው። ለአንተ ደብዛዛ የሚመስልህ የበረንዳ መብራት ቅጠሉ አጠገብ ከሆነ ይበቃዋል። ሰው ሲያልፍ ብቻ የሚበራው ዓይነትም አይሻልም፤ ድመት ባለፈ ቁጥር ጨለማውን ይቆርጠዋል።

በዋሽንግተን አካባቢ ረጅሙ ቀን 15 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ኦገስት መጨረሻ ላይ ወደ 13 ሰዓት ይወርዳል። ደርባን በዚህ ጊዜ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነጫጭ ፀጉር፣ ማለትም የመጀመሪያውን የአበባ ምልክት፣ ማውጣት ነበረበት። ስለዚህ ዛሬ ማታ መብራቱን አጥፋ። ማጥፋት ካልቻልክ ማሰሮዎቹን ብርሃን ወደማይደርስበት ጥግ ውሰዳቸው፤ የጎረቤትና የመንገድ መብራትም እንዳያገኛቸው። በትክክል ጨለማ ካገኙ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ፀጉሩን ታየዋለህ።

ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ዘግይተሃል። ደርባን ማበብ ከጀመረ በኋላ ለመድረስ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ይፈልጋል። ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ከጀመረ ኖቬምበር አጋማሽ ይደርሳል ማለት ነው። እናንተ ሰፈር ውርጭ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ይመጣል። ማሰሮ ውስጥ ስለሆኑ ግን መውጫ አለህ፤ ብርዱ ሲጠነክር ጋራዥ ወይም ቤዝመንት አስገብተህ፣ በቂ የእድገት መብራት ለ12 ሰዓት እያበራህ፣ ቀሪውን 12 ሰዓት ድፍን ጨለማ እየሰጠህ መጨረስ ትችላለህ። ይህን የምታደርግ ከሆነ ቁመቱን አሁን፣ አበባ ሳይጀምር፣ ቀንስ። ሳቲቫ ማበብ ሲጀምር ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ያለውን ቁመት እጥፍ የሚያደርግ አለ። አሁን አናቱን ቆርጠህ የጎን ቅርንጫፎቹን ወደ ውጭ ጎንበስ አድርገህ በለስላሳ ገመድ እሰራቸው። ፀጉሩ ከወጣ በኋላ ግን መቀሱን አስቀምጠው።

ከማስገባትህ በፊት የቅጠሉን ጀርባ በደንብ እየው። ጓሮ ላይ እምብዛም ያልጎዳህ ክሽክሽ ወይም ስፓይደር ማይት የሚባለው ሸረሪት መሳይ ጥቃቅን ተባይ፣ ሙቅና ደረቅ ቤዝመንት ሲገባ በሳምንታት ውስጥ ተክሉን ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ ዝርያው። ደርባን ፖይዝን ስሙን ያገኘው ከደቡብ አፍሪካዋ የወደብ ከተማ ከደርባን ነው። በዚያ አካባቢ ገበሬው ለብዙ ትውልድ እያባዛ ያቆየው ነባር ዝርያ ነው፣ እዚያ ካናቢስን ዳጋ ይሉታል። ወደ አሜሪካ የገባው በ1970ዎቹ እንደሆነ ይተረካል፤ ዘሩን ስለ ካናቢስ በመጻፍ የሚታወቀው አሜሪካዊ ኤድ ሮዘንታል እንዳመጣው፣ ሜል ፍራንክ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው አትክልተኛ ደግሞ ቶሎ የሚደርሱትን እየመረጠ እንዳባዛው። ከዚያ ወደ አምስተርዳም ተሻገረና ዓለም አወቀው። ዛሬ በዚህ ስም የሚሸጠው ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አንዳንዱ ከሌላ ጋር የተዳቀለ ነው፣ ስለዚህ ፓኬቱ ላይ ያለውን ስም ብቻ አትመን፤ ሻጩ ስንት ሳምንት እንደሚያብብና ከምን እንደመጣ የሚጽፍ ካልሆነ ሌላ ሻጭ ፈልግ።

መልኩን ካወቅከው አትሸወድም። ጣቶቹ ቀጫጭን የሆነ ረጅም ቅጠል፣ ራቅ ራቅ ያለ አንጓ፣ ወደ ላይ የሚወጣ ቁመና። አበባው ከሌሎች ሳቲቫዎች ፈርጠም ይላል፣ በሙጫም የተሸፈነ ነው። ሽታው ጣፋጭ አኒስ፣ ጥድና ቅመም ይቀላቀልበታል። ይህ ሽታ በዋናነት ተርፒኖሊን ከሚባል ተርፒን (ለተክል ሽታ የሚሰጥ ውሁድ) የሚመጣ ነው፤ ተርፒኖሊን በአብዛኛው ዝርያ ላይ እምብዛም ጎልቶ አይገኝም። ደርባን ቲኤችሲቪ የሚባለውን፣ የካናቢስ አስካሪ ንጥረ ነገር የሆነው የቲኤችሲ ዘመድ የሆነውን ውሁድም ከብዙዎቹ በተሻለ መጠን ይይዛል፣ በርከት ያሉ የደቡብ አፍሪካ ዝርያዎች ላይ የሚታይ ነገር ነው።

እኔ ግን ለሜሪላንድ ሰው ደርባንን የምመክርበት ምክንያት ሽታው አይደለም። የተወለደበት ቦታ ነው። ደርባን ከምድር ወገብ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ወደ ደቡብ ይርቃል። እዚያ የቀኑ ርዝመት እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል፣ ተክሉም ቀኑ ማጠር ሲጀምር ቶሎ ማበብን ለምዷል። የኮሎምቢያ፣ የታይላንድ ወይም የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሳቲቫ ብትተክል ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር። ከምድር ወገብ አጠገብ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። የዚያ ተክል 13 ሰዓት ቀን ሲያይ ገና ነው ብሎ ይጠብቃል። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ማበብ ይጀምርና 12፣ 14 ሳምንት ይፈልጋል። ዲሴምበርን ውጭ የሚያልፍ ካናቢስ ደግሞ እዚህ ሰፈር የለም። ሄዝ የሚባሉት ዝርያዎችም አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ለሚያሳድግ ትዕግሥተኛ ሰው ካልሆነ አይሆኑም።

«ሳቲቫ ያነቃል» ስላሉህ። ሳቲቫ የሚለው መጠሪያ ከዕፅዋት ተመራማሪው ከሊኒየስ በ1753 የመጣ ነው፣ ከእሱ ጋር ሁልጊዜ የሚነሳውን ኢንዲካ ደግሞ ሌላው ተመራማሪ ላማርክ ከሕንድ የመጣለትን ተክል አይቶ በ1785 የሰጠው። ሁለቱም የተክል ምደባ እንጂ የስሜት ምደባ አልነበሩም። በ2021 ኔቸር ፕላንትስ በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሳቲቫና ኢንዲካ ተብለው የተለጠፉ ናሙናዎችን ዘረመል መርምሮ ነበር። ልጣፉ ከዘር ግንዳቸው ጋር ብዙም አልገጠመም፤ የሚገጥመው በጥቂት ሽታ ሰጪ ተርፒኖች ብቻ ነው። ለአትክልተኛ «ሳቲቫ» የሚለው ቃል ጥቅም አለው፦ ይረዝማል፣ ይዘገያል፣ ቅጠሉ ይሳሳል። አንተ ስትወስደው ምን እንደሚሰማህ ግን አይነግርህም።

ከጫት ጋር ማወዳደሩንም ተው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፣ ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ። ቲኤችሲ የሌላ ወገን ነው። ደርባን ያለው ቲኤችሲ ደግሞ ቀላል አይደለም። አንዳንዱ ሰው ላይ ጭንቀትና የልብ ምት መፍጠን ያመጣል፣ በተለይ ላልለመደ። በቤተሰብ የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያለበት ሰው ከነአካቴው ቢርቀው ነው የምመርጠው።

እና ስለ መንዳቱ፣ እባክህ፣ ይህን በጥሞና ስማኝ። ንቁ የሆንክ መስሎህ እጅህና ዓይንህ ግን ይዘገያሉ። ርቀትና ፍጥነት መገመት ይዛባብሃል። መኪናህ ውስጥ የሰው ልጅ ተቀምጧል። በማንኛውም ክፍለ ግዛት በካናቢስ ተጽዕኖ ሥር ሆኖ መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው። ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያለህ ወይም ለማውጣት የምታስብ ከሆነ ደግሞ የፌዴራል ትራንስፖርት ምርመራ ሜሪላንድ ፈቀደች አልፈቀደች አያይም፣ አዘውትሮ በወሰደ ሰው ሽንት ውስጥ ምልክቱ ለሳምንታት ይቆያል። ለሌሊት ሥራ ይሆነኛል ብለህ ከሆነ የተከልከው፣ አይሆንህም።

ከዚህ በታች የምጽፈው ከባለቤትህ ጋር አብራችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል።

ሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ 21 ዓመት ለሞላው ሰው ፈቅዳለች። በአንድ ቤት ሁለት ተክል ብቻ፣ የቤቱ ሰው ብዛት ለውጥ የለውም። ከመንገድ መታየት የለበትም፣ ዕድሜው ያልደረሰ ሰው እንዳይደርስበት መዘጋት አለበት፣ ቤቱ የኪራይ ከሆነ የባለንብረቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለራስ የሚፈቀደው የደረቀ አበባ 1.5 አውንስ፣ ማለትም 42 ግራም ገደማ ነው። ያለ ፈቃድ መሸጥ ክልክል ነው። ከወንዙ ማዶ ቨርጂኒያ በቤት አራት ተክል ትፈቅዳለች፣ ግን እያንዳንዱ ላይ ስምህን፣ የመንጃ ፈቃድህን ወይም የመታወቂያህን ቁጥርና ለግል መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ማንጠልጠል ግዴታ ነው። ዲሲ ከ2015 ጀምሮ ለአንድ ሰው ስድስት ተክል ትፈቅዳለች፣ ከእነዚያ ለአበባ የደረሱት ከሦስት መብለጥ የለባቸውም።

ይህ ሁሉ የክፍለ ግዛት ሕግ ነው። ኢሚግሬሽን ግን የሚሠራው በፌዴራል ሕግ ነው፣ የፌዴራሉ ሕግ ደግሞ ጓሮ ውስጥ ማብቀልን አይፈቅድም። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 መመሪያውን በግልጽ አስፍሯል፦ በክፍለ ግዛት ሕግ የተፈቀደ ቢሆን እንኳ፣ ከካናቢስ ጋር የተያያዘ ድርጊት ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ሥነ ምግባር ሊያሳጣ ይችላል። መከሰስ ላያስፈልግም ይችላል። ቃለ መጠይቁ ላይ ተጠይቆ ማመን ብቻውን በቂ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ግራም ለራስ ይዞ ለመገኘት ያለችው ትንሽ ልዩ ሁኔታም ማብቀልን አትሸፍንም።

አንተ ዜጋ ነህ፣ ተክሉም የአንተ ነው። ግን ማሰሮው ያለው እሷ በምትኖርበት ቤት ነው። ውሃ አጠጥታ ታውቃለች? ዘሩ የተገዛው በጋራ ካርዳችሁ ነው? ስልኳ ውስጥ ፎቶው አለ? እነዚህን የምጠይቅህ ላስፈራራህ አይደለም፣ ጠበቃ የሚጠይቃችሁ ጥያቄ ይሄ ስለሆነ ነው። የእኔ ሙያ አትክልት ነው፣ የሕግ ምክር መስጠት አልችልም። ስለዚህ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሩ፣ አትዋሹ፣ ሳትጠይቁም አትገምቱ። የእኔ ሚስት ብትሆን ኖሮ ዛሬውኑ ነቅዬ እጥለውና ወረቀቷ እስኪያልቅ አልተክልም ነበር። አንድ ሰመር ቢያልፍ ምንም አይደል።

ጠበቃው አይቶት መቀጠል ትችላለህ ካለህ ወይም ለሚቀጥለው ጊዜ፣ አሠራሩ ይኸውልህ።

ዘሩን ሴቴ ብቻ የሚሰጠውን ዓይነት ግዛ። ተራ ዘር ከገዛህ ግማሹ ገደማ ወንዴ ይሆናል፤ ወንዴው አንጓው ላይ ትንንሽ ክብ ከረጢት ያወጣል፣ ከመፈንዳቱ በፊት መነቀል አለበት። አለበለዚያ ሴቴው ጉልበቱን ሁሉ ዘር ላይ ያውለዋል። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ ነባር ሳቲቫ ሲጨነቅ፣ በተለይ ሌሊት መብራት ሲረብሸው፣ ሴቴው ራሱ ወንዴ አበባ ሊያወጣ ይችላል። አበባው መሀል ቢጫ ሙዝ መሳይ ነገር ካየህ እሱ ነው። የአንተዎቹ ሰመሩን ሙሉ መብራት ሥር ስለነበሩ በየሁለት ቀኑ ፈትሻቸው።

ኤፕሪል ላይ ቤት ውስጥ መብራት ሥር ማስጀመር ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ ነው። ቤት ውስጥ 18 ሰዓት ብርሃን ሲሰጡት ይከርሙና ሜይ መጀመሪያ ላይ ውጭ ያወጡታል። ውጭ ያለው ቀን 14 ሰዓት ነው። ተክሉ ቀኑ በአንድ ጊዜ በአራት ሰዓት ሲያጥርበት መኸር የደረሰ ይመስለውና ገና በክንድ ቁመቱ ማበብ ይጀምራል፣ ከዚያ ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ ግራ ተጋብቶ ወደ ቅጠል ይመለሳል፣ ወሩ በከንቱ ያልፋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለውን ብርሃን ቀስ በቀስ ወደ 15 ሰዓት አውርደህ ሜይ መጨረሻ ወይም ጁን መጀመሪያ ላይ አውጣው። ለሳምንት ያህል በቀን ጥቂት ሰዓት ጥላ ሥር እያዋልክ ፀሐዩንና ነፋሱን አለማምደው።

አፈሩ። የሜሪላንድ ሸክላ አፈር ውሃ ይይዛል፣ ሥሩ ይታፈናል። ማሰሮ መጠቀምህ ትክክል ነው። የጨርቅ ማሰሮ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው። 40 ሊትር ገደማ የሚይዝ ይበቃሃል፣ ከዚያ በላይ ትልቅ ዛፍ ማሳደግ ለምን ያስፈልግሃል? ሕጉ የሚፈቅድልህን መጠን አንድ ጤነኛ ተክል በቀላሉ ያልፈዋል። ጥሩ የአትክልት አፈር፣ ኮምፖስት፣ ውሃ የሚያሳልፍ ፐርላይት ቀላቅል። ፒኤቹ፣ ማለትም የአፈሩ የአሲድነት ልክ፣ ከ6 እስከ 6.8 ይሁን።

ማዳበሪያ ላይ እጅህን ሰብስብ። ደርባን ደካማ አፈር ላይ የኖረ ዝርያ ነው። ናይትሮጅን ሲበዛበት ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ይሆንና ጫፉ ወደ ታች ይጠመዘዛል፣ ግንዱ ይለሰልሳል፣ ክሽክሹም ይወደዋል፣ ማበቡም ይዘገያል። እስከ ጁላይ መጠነኛ ናይትሮጅን፣ አበባ ሲጀምር ቀንሰህ ፎስፎረስና ፖታሲየም ያለው፣ በቃ። ውሃ ጣትህን አፈሩ ውስጥ ከተህ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲደርቅ፣ ያኔ ከሥር እስኪወጣ አጠጣው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማርከፍከፍ ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል።

አምስተኛ ወይም ስድስተኛ አንጓው ላይ ሲደርስ አናቱን ቁረጥ። ሁለት አናት ያወጣል፣ እነሱን ደግሞ ወደ ጎን እሰር። የጎረቤት አጥር ላይ አሻግሮ የሚያይ ተክል እንዳይኖርህ ብቸኛው መንገድ ይህ ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ያግኝ።

እዚህ አካባቢ የተክል ጠላት ሴፕቴምበር ነው። ብርዱ ሳይሆን እርጥበቱ። የአውሎ ነፋስ ርዝራዥ ከደቡብ ይመጣል፣ ሦስት ቀን ይዘንባል፣ ከዚያ ሙቀት። ግራጫው ሻጋታ፣ ቦትራይቲስ የሚባለው፣ ከአበባው እምብርት ጀምሮ ነው የሚበላው፤ ውጭውን ስታየው ደህና ይመስላል፣ አንድ ትንሽ ቅጠል ያለምክንያት ሲጠወልግ ስትጎትተው ግን ውስጡ አቧራ ሆኖ ይወጣል። ደርባን አበባው ከኢንዲካዎቹ ይልቅ አየር ስለሚያሳልፍ ይሻላል፣ ግን አይድንም። መሀል ያሉትን ቅጠሎች አሳሳ። ዝናብ ሲመጣ ማሰሮውን ጣራ ሥር አስገባ፣ ያ ካልተቻለ ከዝናቡ በኋላ አራግፈው። የሻገተውን ከታመመው ቦታ በታች ቆርጠህ በፌስታል አድርገህ ጣል። «ትንሽ ነው፣ የቀረውን ላድርቀው» አትበል፣ ሻጋታ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም።

ሻጋታውን ብዙ ጊዜ የሚያስገባው አባጨጓሬ ነው። የእሳት ራት ኦገስት ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ትሉ አበባው ውስጥ ይቆፍራል፣ ኩሱ ይበሰብሳል። ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የሚባለው ባክቴሪያ፣ ሱቅ ላይ ቢቲ ተብሎ የሚሸጠው፣ ትሉን ይገድላል፣ ንቦችን አይጎዳም። አበባው ሳይጠነክር በመመሪያው መሠረት ርጨው። አበባ ከያዘ በኋላ ዘይትም ሰልፈርም ሌላ ፀረ ተባይም አትርጭበት።

መቼ ይቆረጣል? ፀጉሩን ብቻ አይተህ አትወስን። ሳቲቫ ሊደርስ ሲል እንኳ አዲስ ነጭ ፀጉር ማውጣቱን አያቆምም፣ ሰው እሱን እየጠበቀ ዝናብ ያስበላዋል። በትንሽ ማጉያ መነጽር አበባው ላይ ያሉትን ሙጫ ያዘሉ ጥቃቅን ጉብታዎች ተመልከት። ውሃ መሳይ ከሆኑ ገና ነው። አብዛኞቹ ወተት ሲመስሉና ጥቂቶቹ ወደ ማር ቀለም ሲሄዱ ደርሷል። በወቅቱ ያበበ ደርባን እዚህ ሰፈር ሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበር አጋማሽ መካከል ይደርሳል።

ማድረቁ ላይ አትቸኩል። እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አታስጣው፣ ያ ጥሩ የአኒስ ሽታ ቀድሞ የሚጠፋው ያኔ ነው። ተርፒኖሊን በቀላሉ ይተናል። ጨለማ ክፍል፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሙቀት፣ እርጥበቱ 60 በመቶ አካባቢ፣ ነፋሱ በቀጥታ የማይመታው ቦታ ላይ ቅርንጫፉን ዘቅዝቀህ ስቀለው። ከአስር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ቀጭኑ እንጨት ሲታጠፍ ቀጭ ካለ ደርቋል። ከዚያ መስታወት ማሰሮ ውስጥ አድርገህ ለመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ክዳኑን ክፈተው፣ አየር ይቀይር። አሞኒያ ከሸተተህ ገና እርጥብ ነው፣ አውጥተህ መልሰህ አድርቀው። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ማሰሮው በቁልፍ ይዘጋ።

ቀረ የወንድምህ ነገር። አትላክለት። ኢትዮጵያ ውስጥ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 መሠረት ማምረቱም፣ ማዘዋወሩም፣ መጠቀሙም ያስቀጣል፤ አምርቶ መገኘት ደግሞ ጽኑ እስራት ነው። ፖስታው ከተያዘ የሚታሰረው አንተ አይደለህም፣ ተቀባዩ ነው። ሻሸመኔ ቅርብ ስለሆነ «እዚያ ይታለፋል» የሚል ወሬ ሰምቶ ይሆናል፣ ለራስተፈሪያኖቹም ቢሆን የተለየ ሕግ የለም። የሚያደናግረው ምናልባት የደቡብ አፍሪካው ነው። እዚያ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በሴፕቴምበር 2018 ለዐዋቂ ሰው በግል ቦታ ማብቀልና መጠቀም ወንጀል መሆኑ እንዲቀር ወስኗል፤ ጉዳዩን ለዓመታት ሲሟገት ከነበሩት አንዱ ጋሬት ፕሪንስ የተባለ ራስተፈሪያን ነው። የእኛ አገር ፍርድ ቤት እንዲህ አላለም። ከጣና በስተምሥራቅ ባለ ላሊበላ የሚባል ዋሻ ውስጥ (ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ካሉበት ከተማ የተለየ ነው) የካናቢስ ቅሪት ያለበት የ14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የሸክላ ጋያ መገኘቱም እውነት ነው፣ ተክሉ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ዛሬ የሚገዛን ግን ሕጉ ነው።

ለነገሩ በተክልም በኩል ደርባን ለሐዋሳ አይሆንም። ሐዋሳ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ላይ ናት፣ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቶሎ ማበብ የለመደ ዝርያ እዚያ ቢዘራ ቁመት ሳያወጣ ያብብና ያልቃል። ወንድምህ መሬት ካለው ሃስ የሚባለውን የአቮካዶ ዝርያ ይትከል። ይርጋለም የአቮካዶ ዘይት የሚጨምቅ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ገበያውም ቅርቡ ነው። የመሬቱን ከፍታ፣ የአፈሩን ዓይነትና የመስኖ ውሃ መኖር አለመኖሩን ጠይቀህ ላክልኝ፣ ስለ ችግኙና ስለ ርቀቱ እንደዚሁ በዝርዝር እጽፍለታለሁ።